«ልጄ» ያልኩ ዕለት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ኮሂማ ከተማ ውስጥ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ጉሙ ወደ ከተማው መውረድ ሲጀምር...

ከዴልሂ የመጣችውን አዲሷን የመሥሪያ ቤታችንን ዳይሬክተር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሩቅ አገር መጥተው እዚህ የወደቁትን ወታደሮች መቃብር ላሳያት ይዣት ወጣሁ። እናቴና የአራት ዓመቱ ልጄ ቪላቱኦም አብረውን ነበሩ።

ልጁ በመቃብሮቹ መሃል ሲሮጥ አንዱ ድንጋይ አደናቀፈውና በግንባሩ ተደፋ። ከድንጋጤው የተነሳ ማልቀስ እንኳን አቃተው።

እኛ ዘንድ ሰው ክፉኛ የደነገጠበት ቦታ ነፍሱ ትቀራለች። ቤተሰቡ ስሙን ጮክ ብሎ ጠርቶ ነው ነፍሱን ይዞ የሚመለሰው።

«ጥሪው» አለች እናቴ።

«እማ... ሰው ፊት?»

«ጥሪው አልኩሽ!»

ዳይሬክተሯ ፈገግ ብላ ታየናለች። በገዛ ወጌ አፈርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አቀርቅሬ፣ በሹክሹክታ...

«ልጄ፣ ና፣ ወደ ቤት እንሂድ።»

ስሙን አልጠራሁም።

የመቃብሩ በር ሰው ካለፈ በኋላ በራሱ የሚዘጋ ነው። ከኋላችን ግን አልተዘጋም... ብዙ ሰው እያሳለፈ ያለ ይመስል ተከፍቶ ቆየ።

ዳይሬክተሯን ሸኝተን ቤት ስንደርስ ውሻችን ጭራውን ወሽቆ አልጋ ስር ገባ። ቪላቱኦ ምድጃው ዳር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። የቀረበለትን ሩዝ አልነካም። ዓይኑ አይርገበገብም።

እናቴ ጆሮዬ ስር ተጠጋች።

«ምን ብለሽ ነው የጠራሽው?»

«ልጄ... ብዬ።»

ፊቷ አመድ መሰለ።

«አንቺ! እዚያ የተኛው ሁሉ እኮ የአንዲት እናት ልጅ ነው። እስከ ዛሬ ‹ና ቤት እንሂድ› ያለው የለም...»

በሩን በርግጄ ወጣሁ። ጎረቤት ቢሰማ ባይሰማ ግድ አልነበረኝም። ወደ ኮረብታው ዞሬ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ።

«ቪላቱኦ! ቪላቱኦ፣ ና ቤትህ ግባ!»

«እማዬ፣ ራበኝ» የሚል ድምፅ ከውስጥ ሰማሁ። የእሱ ድምፅ ነው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ስመለስ እናቴ ወለሉን እያየች ነበር።

ከበሩ እስከ ምድጃው ድረስ... እርጥብ ዱካ። የአዋቂ ወንዶች። ብዙ።

ሁሉም ባዶ እግር ነው። እኛ ቤት በጫማ አይገባም። ይህን ማን ነገራቸው?

«መልሻቸው» አለች እናቴ በሹክሹክታ።

አፌን ከፈትኩ። ልጄ ብዬ የጠራሁትን ምን ብዬ ውጣ ልበለው?

ቪላቱኦ ሳህኑን አነሳና አግዳሚው ላይ ጠጋ አለ... ቦታ ሊለቅላቸው።