ነፋሱን የካደ ጭስ

አቶ ወልደሰንበት የሞቱት ጥቅምት 26 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ዋዜማ ነው። የተገኙትም በራሳቸው ግቢ፣ ለዘመነች ባከራዩዋት የጓሮ ክፍል፣ ከበሩ ሥር ተደፍተው። ቁስል የለም፣ ደም የለም፤ አፍንጫቸው ላይ ብቻ ጥቀርሻ።

ኮልፌ ለመፍረድ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። «ጀይሉ ነው!» ተባለ። ጀይሉ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ምድጃው ከጓሮው አጥር ማዶ፣ የጭስ ማውጫውም ከአጥሩ ብዙ የማይበልጥ። አቶ ወልደሰንበት አምና ፎቃቸውን እንደጨረሱ «የፎቄን መልክ ያበላሻል፣ ምድጃህን አፍርስ» ብለው ከሰውታል። እሱም በገበያ መሐል፣ እርስዎ ማለቱን ረስቶ፣ «ወላሂ፣ ይኸው ጭስ አንድ ቀን ይውጥሃል!» ብሏል። የኛ ሰፈር ደግሞ ብድር ይረሳል እንጂ እንዲህ ያለ ቃል አይረሳም።

መቶ አለቃ ገሜዳ ሲደርስ ጀይሉ ዱቄት የነካው እጁ በካቴና ታስሮ ቆሟል። ጠዋት ወደ ከርቸሌ ሊወስዱት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገመድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

«ነፋሱ ወዴት ነበር?» አለ ገሜዳ፣ ከሬሳው አስቀድሞ ሰማዩን አይቶ።

«ከፎቁ ወደ እኔ ነዋ፣ ጌታዬ! ጭሴ ወደ ቀራንዮ ይሄዳል እንጂ እንዴት ዞሮ ይመጣል?»

እውነቱን ነው። ለዘውድ በዓል ፎቁ አናት ላይ የተሰቀለው ባንዲራ እስካሁን አልወረደም፤ ወደ ዳቦ ቤቱ ይውለበለባል።

ገሜዳ ክፍሉን ዞረ። መስኮቱ መስታወት የለውም፣ ብረት ግን አለው። የሟች ጥፍር ውስጥ አረንጓዴ ቀለም አገኘ፤ በሩም አረንጓዴ ነው፣ ከውስጥ በኩል ተቧጥጧል። መቀርቀሪያው በውጭ ነው።

«እሜቴ፣ ጩኸት አልሰሙም?» አላቸው የሟችን ሚስት፣ ወይዘሮ አየለችን።

«ከፊት ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። አስም አለባቸው፤ ሲነሳባቸው እንኳን ሊጮሁ ውኃ ስጪኝ ማለት አይችሉም።» እንባቸውን ጠረጉና፣ «ሰገነቱ አልበቃ ብሎኝ ጓሮ ገመድ ላይ የሰቀልኩት የበዓል አንሶላ ሁሉ ጠቁሮ ቀረ!» አሉ። ባል ሞቶባት አንሶላ ታነሳለች ብላችሁ አትፍረዱ፤ ሐዘን የያዘውን ይዞ ነው የሚያለቅሰው።

ዘመነች ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች።

«ጣሪያዬ ያፈሳል ብያቸው ሊያዩ መጡ። እኔ ዋዜማ ሄድኩ። ስመለስ ወድቀው አገኘኋቸው።»

«ነጠላሽ እንዴት ነጥቷል! የት አሰጣሽው?»

«ከፊት፣ የመንገዱ አጥር ላይ።»

«ገመዱ ጓሮ እያለ?»

«ከፊት ፀሐይ ይበረታል ብዬ ነው።»

«መቼ አሰጣሽው?»

«ከምሳ በኋላ።»

ገሜዳ ወጥቶ አጥሩን አየ። ከምሳ በኋላ የፎቁ ጥላ ውጦታል።

በማግስቱ ከንግሡ መልስ ሁሉንም ጓሮ ሰበሰበ። የጀይሉን ካቴና ፈትቶ፣ «በል፣ እንደ ትናንቱ እርጥብ ባሕር ዛፍ ማግድ» አለው።

ጭሱ ወጣ። ባንዲራው ወደ ዳቦ ቤቱ እየጠቆመ፣ ጭሱ ግን አንገቱን ደፋ፤ አጥሩን ተሻግሮ ወደ ፎቁ ጀርባ ተመለሰ፣ በዘመነች መስኮትም ገባ። ሰው ሁሉ እያሳለ አማተበ፤ ሙስሊሙም «ሱብሃነላህ» አለ።

«ሰይጣን አይደለም» አለ ገሜዳ። «ወንዝ ትልቅ ድንጋይ ሲዘል፣ ከድንጋዩ ጀርባ ውኃው ምን ይሆናል?»

«ይሽከረከራል» አለ ጀይሉ።

«ነፋስም ፎቅ ሲዘል እንደዚያው ነው። ከጀርባው ወድቆ ይዞራል፤ አጭር ጭስ ማውጫ ካገኘ ጭሱን ይዞ ይመለሳል። እንግዲህ አቶ ወልደሰንበት ተቀርቅሮባቸዋል። የቀረቀረው ሰው ጭሱ እንደሚመለስ ያውቃል። ጀይሉ ቀኑን ሙሉ ከምድጃው አልተነሳም፤ ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈው ሁሉ አይቶታል። ወይዘሮ አየለች ቢያውቁ አንሶላቸውን እዚህ አይሰቅሉም። አንዲት ሴት ግን ገመዱን ትታ፣ ፀሐዩንም ትታ፣ ነጠላዋን ጥላ ላይ አሰጣች። ቀርቅሮ ለሄደ ሰው ደግሞ ዋዜማ ምን ምስክር ይሆነዋል?»

ዘመነች አላለቀሰችም።

«ፎቁ ሳይሠራ ጭሱ ሽቅብ ይሄድ ነበር። ከተሠራ ወዲህ ክፍሌ ገባ። መስኮቱን በሌላ በኩል ያውጡልኝ ብዬ ስድስቴ ለመንኳቸው። ‹ነፋሱ ወደዚያ ነው፣ ውሸታም› አሉኝ። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጄ ስታስል ከርማ በየካቲት ቀበርኳት። ትናንት ስቀረቅርባቸው፣ ‹ምንድነው የሚሸተኝ?› አሉ። ‹ምንም የለም፤ ነፋሱ ወደዚያ ነው› አልኳቸው።»

ጀይሉ እሳቱን ትቶ መጣ።

«ልጅቷን የኔ ጭስ ነው የገደላት? ለምን አልነገርሽኝም፣ እህቴ?»

«ብናገር ያንተን ምድጃ ነበር የሚያፈርሱት። አንተ ምን አጠፋህ?»

«ትናንት ግን ሲያስሩኝ ቆመሽ አየሽ። ልሰቀል ነበር እኮ!»

ዘመነች ለገሜዳ እጇን ዘረጋችለት።

«ያኔ፣ ልጄን ሳልቀብር፣ ለሰው አዝን ነበር» አለች።