«ቢ» ላይ ጠንከር!

«ሪስ-ፖን-ሲቢሊቲ!» «ፈረንጇ» የሚሏት ተማሪ «ፖን» ላይ ጠበቅ አድርጋ ስታነብ ክፍሉ በሙሉ ተከትሏት ጮኸ። ከእረፍት በኋላ ከጎረቤት ክፍል ጋር የእንግሊዝኛ ውድድር አለ፤ የሚጠየቀውም ይሄው ረጅም ቃል ነው። ወኪላቸው እሷ ናት። ውጭ አገር ኖሬ መጣሁ ስላለች እንግሊዝኛዋን የሚጠራጠር የለም፤ ቅጽል ስሟም የወጣላት በዚሁ ነው።

አጠገቧ የምትቀመጠው ቀጮ ግን አልጮኸችም። ትናንት ወንድሟ ቃሉን ከስልኩ መዝገበ ቃላት አሰምቷታል። «ሪስፖንሲብል ሲሆን ፖን ላይ ትጫኛለሽ» ብሏት ነበር። «‹ኢቲ› የሚለው ጅራት ሲቀጠልበት ግን ጫናው ወደ ቢ ይሸሻል።»

በእረፍት ሰዓት ፈረንጇን ወደ ውኃ ቧንቧው ጎትታ ወሰደችና ይህንኑ ነገረቻት።

«አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ? እዛ እኮ ነው የኖርኩት!»

«እሺ፣ እዛ ታዲያ እንዴት ነበር የሚሉት?»

ፈረንጇ ቧንቧውን ከፈተች፤ ግን አልታጠበችም።

«የትም አልኖርኩም» አለች ቀስ ብላ። «የምትኖረው አክስቴ ናት። የመጀመሪያ ቀን ልጆቹ ሲጠይቁኝ አዎ አልኩ፤ ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ። በናትሽ፣ ጉድ እንዳታደርጊኝ።»

ዓመቱን ሙሉ በቀጮ እንግሊዝኛ ስትስቅ የከረመችው ይቺው ልጅ ናት። ወሬው ከአፏ ቢያመልጥ ደወል ሳይደወል ግቢውን ያዳርሳል። ቀጮ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ቧንቧውን ዘጋችው።

«በይ አጨብጭቢ» አለቻት። «ሪ፣ ስፖን፣ ሲ፣ ቢ፣ ሊ፣ ቲ። ቢ ላይ ጠንከር!»

መዳፋቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ፈረንጇ «ፖን» ላይ እየተደናቀፈች ስታስቸግር ሁለቱም ሳቃቸው መጣ።

ውድድሩ ላይ ግን ቃሉን አንዲት ሳታዛንፍ ተናገረችው። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

«ውጭ የኖረ ሰው እንዲህ ነው!» አሉ መምህሩ።

ፈረንጇ እንደ ቆመች ቀረች። «ቲቸር... ያስጠናችኝ ቀጮ ናት።»

ወሬ በማቀበል የሚታወቀው፣ «ራዲዮ» የሚሉት ልጅ ከኋላ ወንበር ተንጠራራ። «እንዴ ቀጮ! እዛ ኖራ አንቺ አስጠናሻት? ነገሩ እንዴት ነው?»

ፈረንጇ ፊቷ ቀላ፤ ዓይኗን ቀጮ ላይ ተከለች።

«ስትፈልግ ራሷ ትነግርሃለች» አለችው ቀጮ፤ ከዚያ ፈረንጇ እንድትቀመጥ ጠጋ አለችላት።