ዳውድ ከነቤተሰቡ

ዐረብ አገር፣ አርካዊት በሚባል ሰፈር ውስጥ አራት የሐበሻ ልጆች ለአርብ እረፍታቸው አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በየሰው ቤት ሲያጥቡና ሲተኩሱ ከርመው አርብ ጠዋት እዚያች ክፍል ይሰበሰባሉ። በዚያች ክፍል ውሸት «ውሸት» አይባልም። «ዳውድ» ነው የሚባለው።

ዳውድ ሥራ የሚያስገባቸው ደላላ ነበር። ከአራቱ አንዷን፣ ፅዮንን፣ «ባልና ሚስት ብቻ ናቸው፣ ልጅ የላቸውም» ብሎ ወስዷት፣ በሩ ሲከፈት የወጡት ልጆች አንድ ሚኒባስ ይሞሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀላል ውሸት ዳውድ፣ ዐይን ያወጣ ውሸት ደግሞ ዳውድ ከነቤተሰቡ ሆነ። ውሸትሽን የምትደግፍልሽ ጓደኛ የዳውድ ሚዜ ናት። የዚህ ሁሉ ቋንቋ ፈጣሪ ሌላዋ የክፍሏ ልጅ፣ ይመኙሻል፣ ናት፤ ምላሷ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

የሥራ ስም ደግሞ «ሽርጥ» ይባላል። አሠሪዎቹ ሙስሊም ሠራተኛ ነው የሚፈልጉት እያለ ዳውድ በር ላይ ቆሞ ስም ያወጣላቸዋል። ፅዮንን ሉጥፊያ ያላት እሱ ነው። ሽርጥ ከክፍሏ ውጪ አይወለቅም፤ መንገድ ላይ በክርስትና ስም የተጠራራ ሰው እንጀራውን ራሱ ደፋ ማለት ነው። ማን እንደሚሰማ፣ ለማንስ እንደሚያወራ አይታወቅም።

ሞባይል እንደ ጡብ በሚከብድበት በዚያ ዘመን፣ አንድ አርብ ፅዮንና ይመኙሻል ከወንዙ ማዶ ወዳለው ባሕሪ ሰፈር ሲሄዱ፣ የተሳፈሩበት ሐፍላ፣ አውቶቡሱ፣ ድልድዩ ላይ ተገተረ። የይመኙሻል እመቤት ደውላ ቶሎ ነይ አለቻት። ይመኙሻል በዐረብኛ እየተንሰቀሰቀች፣ ሶባ ሆስፒታል የታመመች ጓደኛዋን እያስታመመች መሆኗን ተናገረች። ስልኩን እንደዘጋች እንባዋን ጠርጋ፣ «ይሄስ ዳውድ ከነቤተሰቡ ነው። ሉጥፊያ፣ ሚዜዬ አንቺ ነሽ፤ የታመምሽውም አንቺው ነሽ» አለች።

ከፊታቸው የተቀመጠው ወጣት ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ዞር ብሎ በአማርኛ፣ ዳውድ ማን እንደሆነ ጠየቃቸው። ነገሩት። ሙስዐብ እንደሚባልና ባሕሪ አንድ ጋራዥ ውስጥ እንደሚሠራ ነገራቸው። ጥፍሩ ሥር ግሪስ አለ፤ ሳቁ ግን ንጹሕ ነበር። ፅዮን ሳቁን ወደደችው። እሱ ደግሞ ከድልድዩ እስከ መውረጃው ድረስ ዐይኑን ከእሷ ላይ ማንሳት አቃተው።

ከዚያ በኋላ አርቡ የእነሱ ሆነ። ዐባይ ዳር ይሄዳሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ። የአዛን ድምፅ ሲሰማ ሙስዐብ ይነሣል፣ ከዚሩ፣ ከመንገድ ዳሩ የሸክላ ጋን፣ ውኃ ቀድቶ እጅና ፊቱን ይታጠባል፣ ወደ መስጊዱ ይሄዳል። እሷ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ክርስቲያን ነኝ ብትለው እንደምታጣው ታምን ነበር።

በሁዳዴ አንድ አርብ ጉበት አዘዘላት፣ ለራሱም ጨመረ። ፅዮን ጨጓራዬን ያመኛል አለች። እሱም ለካ ጨጓራ አለበት። ሁለቱ ጨጓራ በሽተኞች ባዶ ፉል በሉ፤ ጉበቱን የሻጩ ድመት ጠገበው። ያን ቀን የሳቁትን ያህል ስቀው አያውቁም።

የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ፅዮን» ብሎ እንዲጠራት። ይመኙሻል ግን አጥብቃ መከረቻት። «ሽርጥሽን አውልቀሽ አሳይውና በማግሥቱ ፈልጊው» አለቻት።

በመጨረሻ ልትነግረው ቆርጣ ሄደች። ስሟ ምላሷ ላይ ነበር። አዛን ተሰማ፤ ተነሥቶ ታጠበና ሄደ። ከኋላው ስታየው፣ ይህን ሰው ከእምነቱና ከወገኑ ላጣላ ነው ወይ ብላ አሰበች። ሲመለስ ሐሳቧ ተለውጦ ነበር።

«አገር ቤት ታጭቻለሁ» አለችው።

ጥፍሩ ሥር ያለውን ግሪስ በሌላው ጥፍሩ ፋቀ።

«እኔም ቤተሰብ አጭቶልኛል» አለ። «እንዴት ልንገርሽ እያልኩ ነበር።»

ተጨባበጡ። አላለቀሰችም። በማግሥቱ የአሠሪዋን ጀለቢያዎች ተኮሰች፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ተኮሰች። ይመኙሻል ስለ እሱ ስትጠይቃት «ሆድ ይፍጀው» ትላለች፤ ሆዷ ግን የሚፈጅ ነገር ያለበት አይመስልም ነበር። ባዶ ነበር።

አሠሪዎቿ አገር ለቀው ሲጓዙ የእሑድ እረፍት አገኘች። ነጠላዋን አጣፍታ ሐበሾች ወደሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን፣ ግቢው ውስጥ ነጠላ ያጣፋ ሰው ከፊቷ ቆመ።

«ሉጥፊያ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሙስዐብ።»

«ሚልዮን ነኝ» አለ። «ሙስዐብ የጋራዡ ነው። ያለዚያ አንቀጥርም አሉኝ።»

ፅዮን መጀመሪያ ትዝ ያላት ያ ጉበት የጠገበው ድመት ነው። ከዚያ ስለ መስጊዱ ጠየቀችው።

«ከኋላው ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ እመለስ ነበር፣ እንዳትታዘቢኝ ብዬ።» ከዚያ «እጮኛሽስ?» አላት።

«ዳውድ ነበር።»

«የእኔም» አለ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ቢጠራም፣ ከረፈደ በኋላ ምን ይደረግበታል? ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ሕፃን የታቀፈች ቀይ ሴት መጣችና ከአጠገቡ ቆመች። የሕፃኑ አንገት ላይ አዲስ ማዕተብ ታስሯል፤ ክርስትና የተነሣው ዛሬ ነው።

«ማን ልበል?» አለች ሴትየዋ በፈገግታ።

«ፅዮን እባላለሁ። እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«ፅዮን» አለ ሚልዮን ቀስ ብሎ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል።

ሰማችው። ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘችው ይህን ነበር። ጥርሷን ሊነቅሏት መርፌ የወጓት ቀን ከንፈሯ እንደደነዘዘ፣ አሁንም እንደዚያ ሆነች። ሕፃኑን ሳመችና ተሰናበተቻቸው።

ከዚያ በሐፍላ ወደ አርካዊት ተመለሰች። ይመኙሻል ከሰው ቤት ሥራ ወጥታ ሻይ መሸጥ ከጀመረች ወዲህ ክፍሏ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

«ማንን አገኘሽ?» አለቻት።

«ማንንም።»

ይመኙሻል ቀና ብላ አየቻት። «ዳውድ» አለች።

«ከነቤተሰቡ» አለች ፅዮን።

ይመኙሻል እንደ ልማዷ መሳቅ ጀመረች፤ የፅዮንን ፊት አየችና ተወችው።