«አሁን ይመጣል»

ልብስ ሰፊዋን እንደ ጎረቤቷ ጫማ ሠሪ ያንገሸገሻት ሰው የለም። ሱቆቻቸው አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ቴሌቪዥኑ ያለው ግን እሷ ጋ ነው። ከሥዕል መጽሐፍ የተሠራው አስፈሪ ተከታታይ ድራማ ሊጀምር ሲል በርጩማውን አንጠልጥሎ ከች ይላል። መጽሐፉን አንብቦታል። ማንበቡስ ባልከፋ፣ አፉ አያርፍም እንጂ!

«አሁን ይመጣል፣ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ» ይላል። ጭራቁም እንደተባለው ይመጣል። ድራማው ገና ሳይቀመስ ይበርዳል።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም። አብረው ያዩ ዕለት ትንፍሽ አላለም። እሷ አንድ ዓይኗን ለድራማው፣ አንዱን ለስፌቱ ሰጥታ ሳለ ጭራቁ ዘሎ ወጣ፤ ደንግጣ የስፌት መኪናውን ፔዳል ስትረግጠው መርፌው ጣቷን ወጋት። ፋሻ ይዞ የመጣው እሱ ነበር። ጣቷን እፍ እፍ እያለ አሰረላት። ያኔ ወደደችው። ምን ዋጋ አለው፣ በማግስቱ ለፍላፊ ሆኖ መጣ!

አንድ ቀን የምትወዳት ገጸ ባሕርይ በር ልትከፍት ስትል «አሁን ይይዛታል» አለ። የልብስ ሰፊዋ ትዕግሥት አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ድራማውን ልይ ወይስ አንተን ልስማ? በርጩማህን ይዘህ ውጣልኝ!»

በርጩማውን አንጠልጥሎ ወጣ።

በማግስቱ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋች ብቻዋን አየች። ጸጥ ሲል ደስ አላት። ወዲያው ጭራቁ ከጉድጓድ ብቅ አለ፤ እግሯ ፔዳሉን ረገጠ፤ መኪናው ጋለበና እጅጌውን ከደረቱ ጋር ሰፋው። ጣቷ ለጥቂት ተረፈ።

እጇን አየች። ያ ሁሉ ጭራቅ ሲመጣ ሲሄድ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ አንዴም አልተወጋችም። ለካ «አሁን» ሲል የሚያየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እግሯን ነበር! እሷ እሱን ለመገላመጥ ስትዞር ስፌቱ ይቆማል።

ቀሚሱን እንደያዘች ሱቁ ገባች። ሶል እየለጠፈ ነበር።

«ለጣቴ ብለህ ነው የምትለፈልፈው?»

አቀረቀረ። «ስፌቱን አቁመሽ እዪ እንዳልልሽ፣ በሥራሽ ማን አዛዥ አደረገኝ?»

«እና ስሰድብህ ዝም ትላለህ? እንዳንተ ያለ ሞኝ አይቼ አላውቅም። እንዳንተም የወደድኩት የለም... ይኸው፣ አስለፈለፍከኝ!»

ሶሉ ከእጁ ወደቀ። እሱም ከዚያች ፋሻ ጀምሮ እንደሚወዳት፣ ሙጫው እጁ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ነገራት። ለመለፍለፍማ ማን ብሎት።

«ነገ መጨረሻው ነው» አለችው። «ማነው የሚሞተው?»

«አላውቅም። የመጽሐፉን የመጨረሻ ክፍል አልከፈትኩትም። አንዴ እንኳ አብሬሽ ልደንግጥ ብዬ።»

«ጣቴስ?»

«ነገ አትስፊ።»

በማግስቱ የስፌት መኪናውን ጨርቅ አልብሳ ከጎኑ ተቀመጠች። ጭራቁ ሲመጣ እሱ ከእሷ በላይ ጮኸ፤ እጇንም ጭምቅ አድርጎ ያዘ።

«ዝም ብለህ እይ እንጂ» አለችው ተማርራ። እጇን ግን አላስለቀቀችም።