ለሽያጭ የቀረበች ታጣፊ ብስክሌት

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም ነበር። ጋሽ መላ ከሥራ ክፍሉ በር ሥር በግራ ጎኑ ተጋድሞ፣ አንድ እጁን ወደ ደፉ ዘርግቶ ቀርቷል። ግድግዳው ከጣሪያው እስከ ወገቡ በጥላሸት ጠቁሯል። ጥጉ ላይ ካለው ጠረጴዛ የተረፈው ከሰልና የቀለጠ ላስቲክ ነው።

ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ አሳንሰር ሲጠግን ኖሮ በጡረታ የተገለለ ሰው ነበር። «መላ የሌለው ብልሽት የለም» ማለት ስለሚያዘወትር ሰፈሩ መላ ብሎ ጠራው፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ተረስቶ ይኸው ጸና። ከምሳ በኋላ እዚያች ክፍል ውስጥ አጭር አልጋ ላይ ጋደም ማለት ልማዱ ነው። ዛሬም እንደ ልማዱ ገባ፤ አልወጣም።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አለቃ ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ተናገረ። ቻርጅ ላይ የተሰካ ባትሪ ፈንድቷል፤ ሰውየው ተኝቶ ነበር፤ ጭሱ ቀደመው። በቤት ውስጥ የተገጣጠመ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው። በሩም ቢሆን አልተቆለፈም ነበር።

መርማሪዋ ሃምሳን የተሻገረች፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ቀስ ብላም የምትጠይቅ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች። ከውስጥ ቆማ በሩን በአንድ ጣቷ ገፋ ብታደርገው ወደ መተላለፊያው ወለል ብሎ ተከፈተ። መቀርቀሪያው ድሮ ወልቆ የብሎን ቀዳዳዎቹ ብቻ ቀርተዋል። ተመልሳ ጎንበስ አለችና የሟቹን ቀኝ ትከሻ ገልጣ አየች። በልዟል። ጥፍሮቹም ተሰባብረዋል።

«በጣት የሚከፈት በር ነው» አለች። «ታዲያ ይህ ሰው በትከሻው ለምን ገፋው?»

አለቃው በሩን ራሱ ገፋ አድርጎ ሞከረው።

መተላለፊያው ጠባብ ነው። አንደኛው ጫፉ ወደ መንገዱ፣ ሌላኛው ወደ ጓሮው ይወጣል። ከበሩ ጎን አንዲት ታጣፊ ብስክሌት ተጣጥፋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ጋሽ መላ ከኋላ ጎማዋ ሞተር ገጥሞ፣ ከኮርቻዋ ሥር ባትሪ አንጠልጥሎ፣ ተራ የነበረችውን ብስክሌት በኤሌክትሪክ እንድትሄድ ያደረጋት በገዛ እጁ ነው። አጠገቧ የመለዋወጫዋ ሣጥን አለ፤ የጎማ ከመነዳሪዎች፣ የፍሬን ላስቲኮች፣ ትርፍ ሞተርና የሽቦ ጥቅል ሞልቶበታል። ከነመለዋወጫዋ እንደምትሸጥ የሚናገር ወረቀት የውጭው በር ላይ ተለጥፏል።

መርማሪዋ የብስክሌቷን ማጠፊያ ከፍታ አየችው። ሁለቱ ብረቶች ከሚጋጠሙበት ከውስጠኛው ገጽ ላይ ጥላሸት ተጋግሯል። ከማጠፊያው በላይ የሚያልፈው የሞተሩ ሽቦ ደግሞ ተነክሶ መዳቡ ወጥቷል። ከዚያ ከበሩ ትይዩ ያለውን ግድግዳ በዓይኗ ዳሰሰች። ቀለሙ ላይ የጎማ ጭረት አለ። በሩ ላይም በዚያው ከፍታ ሌላ ጭረት አለ። ብስክሌቷን ሰው እንዳይነካት አዝዛ ወደ ሳሎን ገባች።

የሟቹ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ የቤቱ የፊት ለፊት ክፍል ነው። የልኬት ሜትሯ አሁንም ከአንገቷ አልወረደም። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ሌላ ድምፅ እንደማያሰማት፣ ሽታው ሲመጣባት ሮጣ በሩን እንደከፈተች፣ ጭሱም ፊቷ ላይ እንደፈነዳ እየተቆራረጠች ተናገረች።

«በሩ አላስቸገረዎትም፣ እትዬ?»

«ምንም። ሳብ ሳደርገው ተከፈተ።» ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። ባለፈው ከብስክሌቷ ወድቆ ጉልበቱ ከተጎዳ ጀምሮ ሽጣት፣ ሽጣት እያልኩ ነዘነዝኩት። ዛሬ ገዢዋ ልትወስዳት ስለሆነ ባትሪውን ሞልቶ ሊያስረክባት ፈልጎ ይሆናል። እሺ ያሰኘው የኔ አፍ ነው።»

መርማሪዋ አላጽናናቻትም። ገና የምታጽናናበት ነገር አልነበራትም።

ገዢዋ ነርስ ናት። ብስክሌቷን ልትወስድ መጥታ ሚስቲቱ ስትጮህ ሰምታ ገብታለች፤ ሰውየውን ልትመልሰው ሞክራ አልሆነላትም። ትናንት እንዴት እንደምትነዳና እንደምትታጠፍ ጋሽ መላ በትዕግሥት እንዳሳያት ተናገረች። አንድ ነገር ብቻ ግን አልገባትም ነበር። ሽያጩ ትርፍ ባትሪም ይጨምር ነበር፤ እሱ ግን ትናንት ከሣጥኑ አውጥቶ አስቀረው።

«ለምን አስቀረው?»

«ጠየቅሁት። ‹ይህን እንኳን ለሰው ለጠላቴም አልሸጥም› አለኝ።»

መርማሪዋ ወደ ክፍሉ ተመልሳ ከጠረጴዛው ሥር የተቃጠለውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገች። የነደደው ያ ትርፍ ባትሪ ነው፤ የብስክሌቷ ባትሪ ከኮርቻዋ ሥር ደህና ተቀምጧል። ከቅሪቱ ጋር የቀለጠው ቻርጀርም ለሌላ፣ ከፍ ላለ ባትሪ የተሠራ ነበር።

የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም ከዚያው ቤት ፎቅ ላይ የሚኖር የታክሲ ሾፌር ነው። ከእህቱ ባል ጋር በዚያች ክፍል ምክንያት ሲነታረክ እንደኖረ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ሾፌሩም አልካደም። ተከራይ ሊያስገባባት ፈልጎ ነበር። ሲጠየቅ ላብ ላብ አለው፤ በመጨረሻ ግን የወጣው ሌላ ምስጢር ሆነ። ታክሲው ስትበላሽበት ብስክሌቷን ደብቆ ይነዳት ነበር፤ ሳይታወቅበት አጥፎ ይመልሳታል።

የመጨረሻው ሰው ባትሪ ሻጩ ነው። የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ሲሆን፣ ሱቁ ከጓሮው በስተጀርባ ካለው መንገድ ላይ ነው። ጭሱን አይቶ የእሳት ማጥፊያ ይዞ በፊት ለፊቱ በር እንደደረሰ፣ ያኔ ሁሉም ነገር እንዳለቀ ተናገረ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ብስክሌቷን ነክተዋታል?»

«እኔ? ነድቻትም ነክቻትም አላውቅም። መኪና ያለው ሰው ብስክሌት ምን ያደርግለታል? እንዲያውም በእሷ እስቅበት ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

መርማሪዋ ከሦስት ቀን በኋላ አራቱንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ብስክሌቷ ተዘርግታ መሐል ቆማለች። የተነከሰው ሽቦ ወልቆ ከመለዋወጫው ሣጥን በወጣ አዲስ ሽቦ ተተክቷል። ለምን እንደተጠሩ ሳትነግራቸው፣ አንድ በአንድ እየተነሡ ብስክሌቷን እንዲያጥፏት ለመነቻቸው።

ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ተነሣች። በአውራ ጣቷ ሽቦውን ወደ ላይ ፈልቀቅ አድርጋ፣ ከዚያ ማጠፊያውን ለቀቀችው። ሾፌሩም እንዲሁ አደረገ። ነርሷ ትንሽ አሰበችና ከጋሽ መላ እንደተማረችው ሁሉ መጀመሪያ ሽቦውን አነሣች። ባትሪ ሻጩ ትከሻውን ነቅንቆ ቀረበ፣ መቆለፊያውን ከፈተ፣ ብስክሌቷን ለሁለት አጠፋት። ቀጭን የመሰበር ድምፅ ተሰማ። ሽቦው በማጠፊያው ተነክሷል።

ሁሉም ያን አዩ፤ እሱ ግን ገና አልገባውም።

«ተቀመጡ» አለች መርማሪዋ። «ጋሽ መላ ያንን ትርፍ ባትሪ ለሰው አልሸጥም ብሏል። የፈራውን ባትሪ ከራስጌው ሰክቶ፣ ያውም በማይሆነው ቻርጀር፣ አይተኛም። እንግዲህ የሰካው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ጠብቆ። ጭሱ ቀሰቀሰውና ወደ በሩ ደረሰ። በትከሻው ገፋው፤ በጥፍሩ ቧጠጠው፤ አልከፈትለት አለ። ሚስቱ ስትመጣ ግን ተከፈተ። መሐል ላይ አንድ ነገር በሩን ይዞት ነበር፤ ኋላም ተነሥቷል።»

ሾፌሩ ወደ ብስክሌቷ ዞረ።

«አዎ። ስትዘረጋ ርዝመቷ ከመተላለፊያው ስፋት ጋር እኩል ነው። አንዱ ጎማዋ ግድግዳውን፣ አንዱ በሩን ረግጦ ቆመ፤ ጭረቱ ሁለቱም ላይ አለ። ታጥፋ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በበሩ ሥር የወጣው ጭስ ከማጠፊያዋ ውስጥ ጥላሸት አይጥልም ነበር። ስለዚህ እሳቱ ሲነድ ተዘርግታ ነበር፤ እትዬ ሳይደርሱ ግን አንድ ሰው ቸኩሎ አጠፋት። ሲያጥፋት ሽቦውን ነከሰው። ሽቦው መነሣት እንዳለበት እትዬ ያውቃሉ። ወንድማቸው በድብቅ ሲነዳት ተምሯል። ነርሷም ከጋሽ መላ ከራሱ ሰምታለች።»

የቀረው ሰው ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም።

ባትሪ ሻጩ ሽቦ መንከስ ወንጀል መሆኑን ዛሬ ገና መስማቱ እንደሆነ በፌዝ ተናገረ። ፌዙ ግን ከከንፈሩ አላለፈም።

«ሽቦ ብቻ ቢሆን እውነትዎን ነው» አለች። «መቆለፊያው ላይ ከጥላሸቱ በላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ብስክሌቷን ነክቼ አላውቅም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አሻራው ግን የእርስዎ ነው።»

ከዚያ ምክንያቱን አስረዳች። ጋሽ መላ ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት በማዶ ሰፈር አንድ ዕቃ አድራሽ ከነብስክሌቱ ተቃጥሎ ሆስፒታል ገብቷል። ጋሽ መላ ሊጠይቀው ሄዶ ከቃጠሎው የተረፈውን ባትሪ ሲያይ የጓደኛውን ሥራ አወቀው። ቤቱ ተመልሶ የራሱን ትርፍ ባትሪ ሸረከተው። ከአዲሱ መጠቅለያ ሥር ከወዳደቁ ኮምፒውተሮች የተለቀሙ የሞቱ ባትሪዎች ተደርድረው አገኘ። ይህን ሁሉ የነገራት ሆስፒታል የተኛው ሰው ነው፤ ጋሽ መላ ደውሎ ያገኘውን ሁሉ፣ መጀመሪያም ጓደኛውን እንደሚያነጋግር ነግሮት ነበርና።

«አነጋገረኝ» አለ ባትሪ ሻጩ፣ ድንገት ድምፁ ረግቦ። «ከአንተ ለገዙት ሁሉ አንተው ዞረህ ንገራቸው፣ ካልሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ አለኝ። ጊዜ ሰጠኝ። እኔ ባትሪውን ከነእሱ... ማስረጃው ከጠፋ ብዬ...»

ልብስ ሰፊዋ እስከዚያ ድረስ ቀና ብላ አላየችውም ነበር። አሁን አየችው።

«በሩን ሲደበድብ እዚያው ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ምን አለ?»

ሰውየው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ስሜን ጠራ» አለ። «ከጓሮ በኩል ሱቄ ቅርብ ስለሆነ እሰማው መስሎት፣ እንዳድነው እኔን ጠራኝ። ከበሩ ወዲህ የቆምኩት እኔ እንደሆንኩ አላወቀም።»

ነርሷ ፊቷን አዞረች። ሾፌሩ ሊነሣበት ሲል እህቱ እጁን ያዘችው። ሁለት ፖሊሶች ገብተው ሰውየውን ሲያነሡት መርማሪዋ እነዚያን ባትሪዎች ለነማን እንደሸጠ ጠየቀችው። ብዙ ናቸው፣ መልካቸውን እንጂ ስማቸውን አላውቅም አለ። ዕቃ የሚያደርሱ፣ ዳቦ የሚያከፋፍሉ፣ ልጆቻቸውን ከኋላ ጭነው ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ሰዎች ናቸው።

መርማሪዋ ለጣቢያው እየደወለች ሳለ ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ወጣች። ወንድሟ ወዴት ነው ብሎ ተከተላት። የሥራ መውጫ ሰዓት ስለነበር መንገዱ በሰውና በተሽከርካሪ ተጨናንቋል። ጫማ እንኳ በቅጡ አልተጫማችም፤ ከእግረኛው መንገድ ወርዳ፣ ጀርባው ላይ የዕቃ ሣጥን ያዘለ፣ ከኮርቻው ሥር ባትሪ ያንጠለጠለ አንድ ብስክሌተኛ ፊት ሁለት እጆቿን ዘርግታ ቆመች።

«ወንድሜ፣ እባክህ ውረድ» አለችው። «ባትሪህን ከማን እንደገዛኸው ንገረኝ።»