እሱ ያንብበው

«ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ፤ የአባትዎ ስም ማነው?» አለ የከብት እርባታው ባለቤት ጠበቃ።

የላቲሻ አያት፣ እማማ ኖሪን፣ አሁንም ዝም አሉ።

ችሎቱ የተሰየመው በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ዳኛው ከአውስትራሊያዋ ከተማ ከዳርዊን ድረስ መጥተው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የላቲሻ ቤተሰብ መሬቱን ለማስመለስ ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት ቅድመ አያቶቹ በዚህ የውሃ ጉድጓድ ዙሪያ ይኖሩ እንደነበር ማስረዳት አለበት። በነሱ ወግ ግን የሟች ስም አይጠራም። ስሙን የጠራ ሟቹን ወደ ራሱ ይጠራል። ሌላው ቤተሰብ ክልከላውን ከጥቂት ዓመት በኋላ ይተወዋል፤ እማማ ኖሪን ግን ስልሳ ዓመት ሙሉ የአባታቸውን ስም ከአፋቸው አላወጡም።

«ክቡር ዳኛ፣ የገዛ አባታቸውን እንኳ አያውቁም!»

ከጠበቃው ኋላ የተቀመጠው የእርባታው ባለቤት ኮልበርን ከት ብሎ ሳቀ። ላቲሻ ደሟ ፈላ። አምና የአያቷን ወንድም እዚህ ሊቀብሩ አስከሬን ይዘው ሲመጡ በሩን ቆልፎ የመለሳቸው ይኸው ሰው ነው። ያን ቀን አስለቅሳዋለሁ ብላ ምላለች።

ዳኛው አሥር ደቂቃ ዕረፍት ሲሰጡ፣ ላቲሻ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ለጠበቃቸው ለዊኒ ሰጠቻት። ለትምህርት ቤት ጥናት ቤተ መዛግብት ገብታ ትናንት ያገኘችው የደብዳቤ ቅጂ ነው። የኮልበርን አያት ለፖሊስ የጻፈው፦ ይህ ሰውና ወገኖቹ እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ጉድጓዱን ይዘዋል፤ ከሕፃን ልጁ ከኖሪን ጋር አንሱልኝ። የሰውየው ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ይዘሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ተነስቼ ልጮኸው ነበር። አያቴ ግን ከኔ አፍ ከሰማች ትሞትብኛለች።»

«እኔ ላንብበዋ?»

ላቲሻ ኮልበርንን አየችው። ሻዩን ፉት እያለ ከጠበቃው ጋር ይሳሳቃል።

«አይሆንም። እሱ ያንብበው። የአያቱ ጽሕፈት አይደል? በራሱ አፍ ይጥራው።»

«ክፉ ነሽ!» አለች ዊኒ።

«ገና ምኑን አይተሽ!»

ከዕረፍቱ በኋላ ኮልበርን ለምስክርነት ተጠራ። ዊኒ ወረቀቱን ስትሰጠው መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ላቲሻ ፊቱ ሲጠቁር በደንብ ልታይ ወንበሯን አስጠጋች። ዞር ስትል ግን አያቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ጆሯቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ማንም ያንብበው ማን፣ ስሙን መስማታቸው አይቀርም።

ላቲሻ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ ተነሳች።

«አያቴ፣ ነይ ወደ ጉድጓዱ እንሂድ።»

«ነገሩ ገና ሲሞቅ? አብደሻል?»

«ነይ አልኩሽ እኮ!»

ክንዳቸውን ይዛ እየጎተተች ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ፈተና፣ አፏ ላይ ስለመጣው ነገር ሁሉ ጮክ ብላ ለፈለፈች። የኮልበርን ድምፅ ከኋላቸው እየራቀ ሄደ። ከዚያ ድንገት ዛፉ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ።

አያቷ ቆሙ። «ተጠራ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ማን ጠራው?»

«ኮልበርን። በገዛ አፉ።»

እማማ ኖሪን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እንግዲህ አባዬ የጠራውን ሰው ቤት አያጣውም!»

ላቲሻ ዞራ የኮልበርንን ፊት ማየት አማራት። አልዞረችም። የአያቷን ክንድ አጥብቃ ይዛ ወደ ውሃው መራመድ ቀጠለች።