ሁለት ዓመት ወደኋላ

«ይሄ ፋይል የተሠራው ከሁለት ዓመት በፊት ነው» አሉ የኮምፒውተር መምህሯ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ። «ቀኑ ይኸው እዚህ ላይ ይታያል። ያኔ እናንተ ገና ሰባተኛ ክፍል ነበራችሁ።»

ሚጡ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ግን ሳቀች። ክፍሉ ሁሉ «ሳቂታ» እያለ የሚጠራት በከንቱ አልነበረም።

«ቲቸር፣ እየቀለዱ ነው አይደል? ባለፈው ሳምንት እኮ ነው የሠራነው!»

«ሥራውን በፍላሽ ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ። ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ርዕስ የሠራችው ደግሞ እህትሽ ናት። የሷ ሥራ አሁን እጄ ላይ ባይኖርም፣ ከክፍሉ አንደኛ እንደወጣች አልረሳሁም።»

የሳቂታ ሳቅ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«ዜሮ ነው የምሰጥሽ። እናትሽም ዛሬውኑ ይጠሩ» አሉ መምህሯ። ቀጥለው ወደ ሚጡ ዞሩና ድምፃቸውን አለዘቡ። «አንቺ እሷ የሰጠችሽን አምነሽ ነው ስምሽን የጻፍሽበት። ሌላ ርዕስ እሰጥሻለሁ።»

ሚጡ አፏን ከፈተች፤ መልሳም ዘጋችው። ያ ቀን እንዴት ፋይሉ ላይ እንደገባ ከሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ፋይሉ የተሠራበትን ላፕቶፕ የገዛችላት እናቷ ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት። ክረምቱን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ከርማ፣ ከአንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አሮጌውን ላፕቶፕ በሁለት እጇ አቅፋ አመጣችው። ሚጡ ግን ክዳኑ ላይ ያለውን ጭረት በአበባ ስቲከር ሸፈነችና ለክፍሉ ልጆች «አዲስ ነው፤ አጎቴ ከውጭ ልኮልኝ ነው» አለች። አጎቷ እንኳን ላፕቶፕ ሰላምታም ልኮ አያውቅም።

ችግሩ ላፕቶፑ ራሱ ምስጢር አይጠብቅም ነበር። በተከፈተ ቁጥር «ይህ መሣሪያ ከእንግዲህ የሶፍትዌር ማሻሻያ አያገኝም» የሚል ሰፊ ማስታወቂያ ስክሪኑ ላይ ይደቅናል። ሳቂታ አብራት ልትሠራ በምትመጣበት ቀን ሚጡ ጭንቅ ሲላት አንድ ዘዴ መጣላት፤ የላፕቶፑን ቀን ሁለት ዓመት ወደኋላ መለሰችው። ማሽኑም ማሻሻያው የሚቆምበት ጊዜ ገና ያልደረሰ መስሎት ጭጭ አለ። ሚጡ ያን ቀን በራሷ ብልጠት ኮርታ ነበር፤ የሠሩት ፋይልም ያንኑ የድሮ ቀን ይዞ እንደሚቀመጥ አላሰበችም።

አሁን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እውነቱን ብትናገር ክፍሉ በሙሉ ስለ አጎቷ ይሰማል። ዝም ብትል ሌላ ርዕስ ትሠራለች፤ ነገሩም በዚያው ያልፋል። ለሷ ያልፋል።

ደወል ተደወለ። ሳቂታ የመምህሯ ቢሮ በር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል።

«እማዬ ከሥራ አስፈቅዳ እየመጣች ነው» አለች። «ሚጡ፣ አንቺ እንኳን ታምኚኛለሽ አይደል? የእህቴን ሥራ በዓይኔም አላየሁት። እማዬ ትሙት!»

«አምንሻለሁ» ማለት ለሚጡ ቀላል ነበር። እውነትም ነበር፤ ይበልጥ ያሳፈራትም እሱ ነው።

«ቀኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አለች።

«የምን ቀን?»

«የላፕቶፑን። አሮጌ ነው፤ ማሻሻያ እንኳን ቆሞበታል። እንዳታይብኝ ብዬ ነው ወደኋላ የመለስኩት። አጎቴ የላከው ነገር የለም። እማዬ ናት ከጥገና ሱቅ የገዛችልኝ።»

ሳቂታ ትክ ብላ አየቻት።

«እና ያን ሁሉ ሲሉኝ ቁጭ ብለሽ ታይኛለሽ?»

«አዎ።»

«ላፕቶፕሽ አሮጌ ቢሆን እኔ ምን እልሽ ነበር?»

ሳቂታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሚጡ ማልቀስ አማራት፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት የማልቀስ ተራ የሷ አልነበረም።

የሳቂታ እናት የሥራ ሽርጣቸውን እንኳን ሳያወልቁ፣ እያለከለኩ ደረጃውን ወጡ።

«ምን አጥፍታ ነው ልጄ?» አሉ ገና ከሩቅ።

«እሷ ምንም አላጠፋችም፣ እትዬ» አለች ሚጡ። ኮሪደሩ ላይ የቆሙት የክፍሏ ልጆች ዞር ብለው አዩዋት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እርስዎ ትንሽ እዚህ ይጠብቁ፤ መጀመሪያ እኔ ልግባ።»

በሩን አንኳኳች።